የአኳሪየም ሂተር ስትገዙ ከብራንዱ በፊት ሶኬቱን እዩ

ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ መክበድ ሲጀምር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አኳሪየም ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል። «የትኛው ሂተር ይሻላል?» መልሱ ብዙውን ጊዜ የብራንድ ስም ነው። የጀርመኑ ይሻላል፣ የቻይናው አይበረክትም፣ የእንትና ወንድም ከአሜሪካ ያመጣለት አሪፍ ነው።

ጥያቄው ክፋት የለውም። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ግን የማይበላሸው የቱ እንደሆነ ነው። የማይበላሽ ሂተር ደግሞ የለም። ቀን ከሌሊት ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ እየበራ እየጠፋ ዓመታት የሚቆይ ዕቃ ነው። አንድ ቀን ይበላሻል። ስለዚህ እኔ ሰው ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ቢበላሽ፣ ጠዋት ምን ታገኛላችሁ? የቀዘቀዘ ውሃ ወይስ የተቀቀለ ዓሣ?

ከዚያ በፊት ግን ሂተር ያስፈልጋችኋል ወይ? የሚያስፈልገው ለሁሉም አይደለም። ጎልድፊሽ ካላችሁ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ከዚያም ዝቅ ቢል ይችለዋል። ሂተር ቢገባለት እንዲያውም ምቾት ያጣል። ችግር ያለው ከሞቃት አገር ወንዞች የመጡት ላይ ነው። ኒዮን ቴትራ ከ22 እስከ 26፣ ጉፒ ከ22 እስከ 28፣ ቤታና ኤንጅልፊሽ ከ25 እስከ 28 ይፈልጋሉ። ዲስከስ ደግሞ እስከ 30 ድረስ ይጠይቃል። ዲስከስ ለማርባት አዲስ አበባን የመረጠ ሰው ጎበዝ ነው፤ ቆጣሪውም ጎበዝ ይሆንበታል።

የከተማው አየር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በታኅሣሥ ሌሊት ውጪው 8 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም። ስለዚህ ሳሎኑ ሊነጋ ሲል 16 ዲግሪ ቢሆን አይግረማችሁ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ያው ክፍል 22 ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ነው። ሌሊቱ ያን ያህል አይከብድም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለማይወጣ ቤቱ አይሞቅም። ድሬዳዋ ላላችሁ ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ የእናንተ ችግር ማቀዝቀዝ ነው።

ዓሣን የሚጎዳው ብርዱ ብቻም አይደለም። መዋዠቁ ነው። ቀን 24 ሌሊት 18 የሚሆን ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ አቅሙ ይደክማል፤ ከዚያ ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስለው የነጭ ነጥብ በሽታ ይመጣል። ሂተር የምንገዛው ውሃውን ለማሞቅ ያህል፣ ባለበት እንዲረጋም ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ሆድ እንግባ። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት የብርጭቆ ቱቦ ነው። ታች በሴራሚክ ላይ የተጠመጠመ ሬዚስታንስ፣ ማለትም የሚሞቀው ሽቦ፣ አለ። ከእሱ በላይ ተርሞስታቱ ተቀምጧል። ተርሞስታቱ ውስብስብ ነገር አይደለም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው አንድ ቀጭን ዝርግ ሠርተዋል። ሲሞቁ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ስለሚረዝም ዝርጉ ይጎብጣል። ሲጎብጥ ጫፉ ላይ ያለችው የመገናኛ ነጥብ ትለያያለች፤ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ቀይዋ መብራት ትጠፋለች። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዝርጉ ይቃናል፣ ነጥቦቹ ይነካካሉ፣ ይበራል። ከላይ የምታዞሩት ቁልፍ ሥራው ዝርጉን መግፋት ወይም ማላላት ነው።

ችግሩ ያለው እነዚያ ሁለት ነጥቦች ላይ ነው። በተለያዩና በተገናኙ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ሂተሩን በቅርብ ብታዩት ሰማያዊ ፍንጣሪዋን የምታዩበት ጊዜ አለ። ያቺ ብልጭታ ብረቱን እየላሰች ትበላዋለች። ቀን ሲገፋ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ነጥቦቹ ተቃጥለው መገናኘት ይተዋሉ፤ ያኔ ሂተሩ አይሞቅም። ወይ ደግሞ ብልጭታው በይዶ ያጣብቃቸዋል፤ ያኔ ሂተሩ አይጠፋም። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ብትመልሱትም ቀይዋ መብራት አትጠፋም።

የመጀመሪያው ብልሽት ጊዜ ይሰጣል። ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ዓሣዎቹ ይፈዛሉ፣ ምግብ ይቀንሳሉ፣ ታች ይሰበሰባሉ። ጠዋት አይታችሁ ትደርሱላቸዋላችሁ። ሁለተኛው ጊዜ አይሰጥም። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ዓሣው ግን ሲሞቀው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ከብዙ ከተሞች የባሰች ናት። ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በግምት ሦስት አራተኛው ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ ያለው ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ዘንድ ያው ውሃ የሚይዘው ከ6.2 ብዙ አይበልጥም። 32 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 5.5 ይወርዳል። እንግዲህ የውጭ አገር አርቢ «32 ዲግሪ ለአንድ ቀን ይችሉታል» ብሎ ሲጽፍ፣ እሱ የሚያወራው ስለ ራሱ ከተማ ነው። የእኛ ዓሣ ከመጀመሪያውም በአጭር ትንፋሽ ነው ያለው።

ይህን ከያዝን የዋት ጉዳይ መልኩ ይቀየራል። ሱቅ ውስጥ የምትሰሙት ደንብ «ለአንድ ሊትር አንድ ዋት» የሚል ነው። መጥፎ ደንብ አይደለም። መጥፎው ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ነው፤ «ለማንኛውም ተለቅ ያለውን ውሰድ፣ ተርሞስታት አለው፣ ራሱ ይጠፋል»። ተርሞስታቱ የተጣበቀ ቀን ግን ተለቅ ያለው ሂተር ተለቅ ያለ ችግር ነው።

ቀላል ስሌት እንሥራ። 60 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳን ያለው የመስታወት አኳሪየም ከክፍሉ አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር በግምት 7 ዋት ያህል ሙቀት ያጣል። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። ክፍሉ 18 ዲግሪ ቢሆንና ውሃውን 25 ላይ ማቆየት ብትፈልጉ ልዩነቱ 7 ዲግሪ ነው። ሰባት ሲባዛ በሰባት 49 ዋት። ክፍሉ 16 ሲሆን ደግሞ 63 ዋት ያስፈልጋል።

እዚህ አኳሪየም ውስጥ ባለ 300 ዋት ሂተር አስገቡ እንበል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተጣበቀ። ከዘጠኝ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ውሃው 35 ዲግሪ ገብቷል። እዚያም አይቆምም። ባለ 100 ዋት ቢሆን ኖሮ ቀስ እያለ ወጥቶ 32 አካባቢ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ለማሞቅ አቅም የለውም። አደገኛ ነው፣ ግን በጠዋት ከተነሳችሁ የሚተርፍ አይጠፋም።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን መንገድ ነው። ሁለት ባለ 50 ዋት፣ አንዱ በአንድ ጫፍ ሌላው በሌላው ጫፍ። ሁለቱም ሲሠሩ ለብርዱ ሌሊት 100 ዋት አላችሁ። አንዱ ተጣብቆ ቢቀር ብቻውን ክፍሉ 18 ሲሆን ውሃውን 25 ላይ፣ ቀን ክፍሉ 22 ሲሞቅ ደግሞ 29 ላይ ያደርሰዋል። ያ አይገድልም። አንዱ ጨርሶ ቢሞት ሌላው ውሃውን ከ23 ዲግሪ አካባቢ በታች አያወርደውም። ያም አይገድልም። ሁለት ትናንሾች ከአንድ ትልቅ ዋጋቸው ከፍ ሊል ይችላል። ለእኔ ግን ከማንኛውም ብራንድ በላይ አስተማማኝ የሚያደርጋችሁ ይህ አሠራር ነው።

የእናንተ ቤት ከእኔ ስሌት ይለያል። የራሳችሁን ማወቅ ግን ቀላል ነው። አሁን ያላችሁን ሂተር ቀይ መብራት በአንድ ምሽት ባለፋችሁ ባገደማችሁ ቁጥር እዩት። ባለ 100 ዋት ሆኖ ከምታዩት ጊዜ ግማሹን በርቶ ካገኛችሁት፣ አኳሪየማችሁ የሚፈልገው 50 ዋት ገደማ ነው። ሁልጊዜ በርቶ ካገኛችሁትና ውሃው ከሚገባው በታች ከሆነ አንሷል። ሁልጊዜ በርቶ ውሃው ከሚገባው በላይ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ትታችሁ ሂዱና ንቀሉት።

ከአንድ ሁለት ዓመት ወዲህ የመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆነ። ጥሩ ሂተር መግዛት የከበደው ሰው ወደ ዘመድ ይደውላል። «ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ ሂተር ጣል አድርግልኝ፣ ቀላል ናት፣ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች።» ዘመድም አይጨክንም፣ ምርጡን ገዝቶ ያመጣል። ችግሩ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው።

ብዙ ሰው መቀየሪያ ስፒና ገዝቶ ይሰካዋል። መቀየሪያው የሚለውጠው የጥርሱን ቅርጽ ነው፤ ቮልቱን አይነካውም። የሬዚስታንስ ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ባለ 100 ዋት ሂተር 220 ላይ ሲሰካ ወደ 336 ዋት ይሆናል። ለዚያ አልተሠራም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ወዲያው ይቃጠላል። ካልሆናችሁ ትንሽ ይሠራና ብርጭቆው ይሰነጠቃል፣ ወይም ነጥቦቹ በዚያ ኃይል ይጣበቃሉ። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይቻላል፤ ግን ከሂተሩ ሌላ ሁልጊዜ የሚሞቅና ሊበላሽ የሚችል ሁለተኛ ዕቃ ቤት ማስገባት ነው። እኔ አልመክርም።

ዘመዳችሁ አውሮፓ ወይም እስራኤል ከሆነ ይህ ጭንቀት የለም፤ እዚያ 230 ቮልት ነው። ከዱባይ የሚመጣም በቮልት በኩል ይስማማል፤ ስፒናው ግን ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ስለሆነ መቀየሪያ ይፈልጋል። ርካሽ መቀየሪያዎች ደግሞ የመሬት ሽቦውን ብዙ ጊዜ አያገናኙም። ይህ ለምን እንደሚያሳስብ እመለስበታለሁ።

ቮልቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ያስቸግራል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ አምፖሉ ሲደበዝዝ አይታችኋል። 220 ይሆን የነበረው 180 ቢወርድ፣ ባለ 100 ዋት ሂተራችሁ 67 ዋት ብቻ ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ብርዱ በሚጀምርበት ሰዓት መሆኑ ነው የሚያናድደው። ስለዚህ ትንሽ ትርፍ አቅም መያዝ ተገቢ ነው። ትርፉ ግን በአንድ ግዙፍ ሂተር ሳይሆን በሁለተኛዋ ትንሽ ሂተር ቢመጣ ይሻላል።

ሱቅ ስትሄዱ ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) ያዙ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤት ካላችሁ ተዋሱ። ሂተሩ ሳይሰካ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ አዙሩትና የስፒናውን ሁለት ጥርሶች በኦም ለኩ። ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 100 ዋት 480 ኦም ገደማ ያሳያል። ባለ 50 ዋት የዚያን እጥፍ፣ ባለ 200 ዋት የዚያን ግማሽ። 140 ኦም ገደማ ያሳየ ባለ 100 ዋት ካገኛችሁ ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ነው፣ መልሱት። ይህ የሚሠራው ለቀላሎቹ የብርጭቆ ሂተሮች ነው። ዲጂታል ቁጥር የሚያሳዩት ውስጣቸው ሌላ ዕቃ ስላለ በዚህ መንገድ አይለኩም።

አንድ ጊዜ 300 ዋት ተብሎ የተጻፈበትን ለክቼ ቴስተሩ 480 ገደማ አሳየኝ። ባለሱቁ «ኦሪጅናል እኮ ነው ወንድሜ» አለኝ። ኦሪጅናልነቱን አልካድኩም። 100 ዋት መሆኑን ብቻ ነው የነገርኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ዕቃው ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለው ውሸት ካሰብነው በላይ ደግ ነው፤ ዓሣ ይቀቅላል ተብሎ የሚፈራው ሂተር ያን ያህል አቅም አልነበረውም።

ብራንድስ? ምንም ዋጋ የለውም አልልም። ኤሃይም እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ የጀርመን ድርጅት ነው። «ዬገር» (Jäger) በሚል ስም የሚታወቁት የብርጭቆ ሂተሮቹ ከ25 እስከ 300 ዋት አሉ፤ ከ18 እስከ 34 ዲግሪ ይስተካከላሉ። ቁልፉ ላይ የሚነበበውን ቁጥር ከእውነተኛው የውሃ ሙቀት ጋር የሚያስማማ ቀለበትም አላቸው። ይህች ቀለበት ትንሽ ነገር ትመስላለች። ቁልፉ 25 ሲል ውሃው 27 የሚሆንበት ሂተር የያዘ ሰው ግን ይገባዋል።

የታወቀ ስም ግን መድን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ማሪንላንድ ስቴልዝ የሚባሉት ሂተሮች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ብዛታቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ምክንያቱ የሽቦ ችግር ነው፤ ከመጠን በላይ ይሞቁና ይሰበሩ ነበር፣ እሳትም አስነስተዋል። በጊዜው «ብርጭቆ ስለሌላቸው አይሰበሩም» ተብለው የሚመከሩ ነበሩ።

ብርጭቆ ወይስ ሌላ ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ትንንሽ ዓሣ ላለው ሰው ብርጭቆ ይበቃዋል። እንደ ኦስካር ያለ ጉልበተኛ ዓሣ ካላችሁ በጅራቱ መትቶ ይሰብረዋልና የፕላስቲክ መከላከያ ያለው ግዙ። ታይታኒየም አይሰበርም፤ ግን ብረት ስለሆነ የመሬት ሽቦ ካለው ሶኬት ላይ መሰካት አለበት። ስንቱ ቤታችን እውነተኛ የመሬት ሽቦ እንዳለው እናንተ ታውቃላችሁ። ሶኬቱ ላይ የመሬት ጥርሱ ስላለ ብቻ ከኋላው ሽቦ አለ ማለት አይደለም። ካላረጋገጣችሁ ታይታኒየም አትግዙ። ሶኬቱን የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛውን ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጠውን፣ 30 ሚሊአምፒር የሚል የተጻፈበትን ብሬከር እንዲጨምርላችሁ ጠይቁት። ለዓሣው ሳይሆን እጁን ውሃ ውስጥ ለሚከተው ሰው ነው።

ትንሽ ገንዘብ ለተረፈው ደግሞ ከውጭ የሚሰካ መቆጣጠሪያ አለ። ኢንክበርድ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ነው። ሂተሩ እሱ ላይ ይሰካል፤ መቆጣጠሪያው ውሃ ውስጥ በተነከረች ሽቦ ሙቀቱን ያነብና ኤሌክትሪኩን ራሱ ይሰጣል፣ ራሱ ይነሳል። አጠቃቀሙ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። መቆጣጠሪያውን 25 ላይ አድርጉት። የሂተሩን ቁልፍ ግን እስከ መጨረሻው አትልቀቁት፤ 27 ላይ አድርጉት። እንዲህ ከሆነ በየቀኑ የሚሠራው መቆጣጠሪያው ነው፣ የሂተሩ ነጥቦች ያርፋሉ። የመቆጣጠሪያዋ ሽቦ ድንገት ከውሃ ወጥታ አየሩን ማንበብ ብትጀምር እንኳ ሂተሩ 27 ላይ ራሱን ያጠፋል። አዲስ ገዝታችሁ ስትሰኩ ግን 220 የሚሠራ መሆኑን እዩ፤ መቆጣጠሪያውም የ120 አለው።

መብራት መጥፋት ሌላው የኛ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው። የተጋነነ ፍርሃት ነው። ያው 60 ሊትር አኳሪየም 25 ዲግሪ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋና ክፍሉ 17 ቢሆን፣ በአራት ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ትልቅ ከሆነ ከዚህም ያነሰ። ጋቢ አልብሱት፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ሌሊቱ ከረዘመ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ቡሹን አጥብቃችሁ አንሳፍፉበት። ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፤ ፊልተሩም ቆሟልና። ስለዚህ ባትሪ ወይም ኢንቨርተር ካላችሁ ሂተሩን ሳይሆን የአየር ፓምፑን ስኩበት። የአየር ፓምፕ ጥቂት ዋት ነው የሚፈልገው። ሂተር ግን ባትሪውን ጠጥቶ ይጨርሰዋል።

አደጋው ያለው መብራቱ ሲመለስ ነው። እንዲህ ይሆናል። መብራት ጠፍቷል፣ እናንተም «ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም» ብላችሁ ውሃ መቀየር ትጀምራላችሁ። ሂተሩን ለመንቀል ትዝ አይላችሁም፤ መብራት የለማ! ውሃው ግማሽ ሲደርስ የሂተሩ ግማሽ አየር ላይ ይቀራል። ልክ ያኔ መብራት ይመጣል። አየር ላይ ያለው ብርጭቆ ወዲያው ይግላል። ቀዝቃዛውን ውሃ ከባልዲ ስታፈሱበት ጧ ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ሽቦ፣ ውሃና የእናንተ እጅ አንድ ቦታ ናቸው። መብራት ኖረም አልኖረም፣ እጃችሁ ውሃ ከመንካቱ በፊት ስፒናው ይነቀል። ከነቀላችሁም በኋላ ውሃ ከማጉደላችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ጠብቁት።

አቀማመጡ ላይ ብዙ አልልም። ከታች፣ ጋደም ብሎ፣ ፊልተሩ ውሃ በሚገፋበት በኩል ይሁን። ጋደም ካለ በበጋ ውሃው ተንኖ ሲጎድልም አይጋለጥም። አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት። ሽቦው መጀመሪያ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ከዚያ ወደ ሶኬቱ ይመለስ፤ በሽቦው የሚንሸራተት ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ዲቫይደሩ ውስጥ አይገባም። ብርጭቆው ላይ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ነቅላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በአቼቶ ዘፍዝፉት።

ቴርሞሜትር ለብቻው ይኑራችሁ። ሂተሩ ስለራሱ የሚናገረውን ብቻ አትመኑ። ቴርሞሜትሩን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የትኩሳት መለኪያችሁን አውጡ። ሁለቱንም 37 ዲግሪ አካባቢ ያለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አብራችሁ ንከሩ። የትኩሳት መለኪያው በጣም ትክክለኛ ነው። ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አኳሪየሙ ላይ ለጥፉት። አዲስ ሂተርም ወደ ዓሣው ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ባልዲ ውስጥ ይፈተን። በ20 ሊትር ውሃ ውስጥ ባለ 100 ዋት ሂተር በሩብ ሰዓት አንድ ዲግሪ ገደማ ያሞቃል። 25 ላይ አድርጋችሁት ማታም ጠዋትም እዩት። 25 ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ይግባ። ሁለት ሦስት ዓመት የሠራ ሂተር ደግሞ ደህና ቢመስልም ቀይሩት፤ ነጥቦቹ ምን ያህል እንደተበሉ ከውጭ አይታይም።

ወጪውንም እናንሳው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየተከለሰ ነው። በአማካይ 50 ዋት የሚወስድ አኳሪየም በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ጋገራ የሚወስደውን እሱ በሦስት ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። ይህን ለመቀነስ ዋናው መንገድ ክዳን ነው፤ ብዙው ሙቀት የሚያመልጠው በሚተን ውሃ ነውና። ከኋላና ከታች ፎም ብታስጠጉም ይረዳል። ከዚያ ቀጥሎ ዲግሪ መቀነስ አለ። ጉፒና ኒዮን 24 ላይ ደህና ሆነው ይኖራሉ፤ 27 የሚያስጠይቅ ምክንያት የለም። ከፍታችንን ካሰባችሁ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ለትንፋሻቸውም ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አንድ ጠዋት ዓሣዎቹ ላይ ላዩን አፋቸውን ከፍተው ቢጠብቋችሁና ቴርሞሜትሩ 33 ቢል፣ መጀመሪያ ንቀሉ። ክዳኑን ክፈቱ፤ የአየር ፓምፑን እስከ መጨረሻው ልቀቁት። ፓምፕ ከሌለ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። በረዶ አትጨምሩ። በድንገት ማቀዝቀዝ ከሙቀቱ ያልተናነሰ ይጎዳል። ከውሃው አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሳችሁ ክሎሪኑ የወጣለት ያደረ ውሃ ቀስ እያላችሁ ተኩ። በሰዓት አንድ ሁለት ዲግሪ ቢወርድ በቂ ነው። የዚያን ቀን ምግብ አትስጧቸው። ሂተሩን ደግሞ «ምናልባት ቁልፉ ነው» ብላችሁ እንደገና አትሰኩት፤ ስፒናውን ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ሌላ ሰው ከቆሻሻ አንስቶ እንዳይጠቀምበት።